የተቃጠለው ካርዱ ነው

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። የማወጋችሁ የአንዲት እናት ነገር ነው። ስሟን አልጠራም፤ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ሰፈር የኖራችሁ ግን እንዲህ ያለች ሴት አታጡም። ዓመቱን የምናገረው በፈረንጆቹ ነው፣ የኢሚግሬሽን ቢሮው የሚቆጥረው በዚያ ነውና።

ልጇ ስፖንሰር አድርጎ በ2013 ካናዳ ወሰዳት። ሥራ ያዘች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ እጥበት ክፍል። አምስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ሳትል ኖረች፣ በ2018 ጸደይ የቋሚ ነዋሪነት ካርዷን አሳደሰች። ያኔ ዜግነት መጠየቅ ትችል ነበር። ለዜግነት የሚፈለገው በአምስት ዓመት ውስጥ 1095 ቀን ነው፣ እሷ ከዚያ በላይ ነበራት። «እማዬ፣ አመልክቺ» ይላታል ልጇ። እሷ እምቢ። የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ቢጫ ካርድ አለ ቢሏትም፣ «በአገሬ በትውልደ ኢትዮጵያዊ ካርድ አልገባም» አለች። በዚህ የሚፈርድባት ካለ እኔ አብሬው የለሁም።

እንግዲህ በ2019 ሰኔ ስልክ ተደወለ። የታናሽ እህቷ ኩላሊት ሥራውን አቁሟል። ባሏ ቀድሞ ሞቷል፤ ያለቻት አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። እትዬ ሻንጣዋን ይዛ አዲስ አበባ ገባች። በሳምንት ሁለት፣ ገንዘብ ሲገኝ ሦስት ቀን እጥበት፤ ወረፋው፣ ደም ፍለጋው፣ መድኃኒቱ። ስድስት ወር ያለችው ዓመት ሆነ። ኮሮና መጣ። እህቷ እስከ 2022 መጨረሻ ታግላ አረፈች። አርባዋ ወጣ፣ ሰማንያዋ ወጣ፣ ልጅቱን የሚይዝ ዘመድ ሲፈለግ 2023 ጸደይ ደረሰ። የካርዱ ጊዜ አለፈ።

ቦሌ ሄደች፣ ቲኬት ቆርጣ። ቼክኢን ላይ ካርዷን አዩና መለሷት። አየር መንገድ ካናዳ ለሚሄድ ቋሚ ነዋሪ ወይ ያልተቃጠለ ካርድ፣ ወይ የጉዞ ሰነድ ይጠይቃል። የአሜሪካ ቪዛ ያላቸው በአሜሪካ በኩል በመኪና ድንበር ላይ ይደርሳሉ፤ እዚያ የቆመው መኮንን ቋሚ ነዋሪነታቸውን ካመነ ማስገባት ግዴታው ነው፣ ካናዳ ውስጥ መኖር ያለባቸው ቀን ጎድሎባቸው እንደሆነ ክሱን ቢጽፍም። እሷ ያ ቪዛ የላትም።

ከዚያ ምክር በየአቅጣጫው ወረደባት። ፒያሳ አንድ ቢሮ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ «እትዬ፣ ወረቀትሽ ተቃጥሏል። ፒአሩን፣ ቋሚ ነዋሪነቱን፣ መልሼዋለሁ ብለሽ ፈርሚ፣ ቪዚት ቪዛ እናውጣልሽ» አላት። ይኸን ምክር ስንቱ ሰምቶ ፈርሟል! ሆዴን የሚበላኝ ይኸ ነው። የተቃጠለው ካርዱ ነው። ቋሚ ነዋሪነቱ ካርድ ስላለፈበት አይወድቅም፤ በሕግ መንገድ መኮንን ወስኖ፣ ይግባኙም አልቆ፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ፈርሞ ካልተወው በቀር አለ። ሌላው ደግሞ ካናዳ የነበርሽ እንዲመስል ፓስፖርት ላይ ማህተም እናስመታ አላት። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ለደንበኞቹ የሐሰት ማህተም ሲመታ የኖረ ፈቃድ የሌለው አማካሪ በ2015 ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል። ደግሞም ከ2020 ጀምሮ በአውሮፕላን ከካናዳ የሚወጣ ሁሉ መውጫው ይመዘገባል።

ልጇ ቶሮንቶ ጠበቃ ዘንድ ሄደ፤ ቆጠራው ተጀመረ። በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 28 የሚለው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መገኘት ነው። ተከታታይ መሆን የለበትም። ነገር ግን አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው ፋይሉ ከሚታይበት ቀን ወደ ኋላ ነው። ከ2013 እስከ 2018 የለፋችበት ዘመን አይነሳም። ካርዱ ባለፈበት ቀን በእጇ የነበረው 410 ቀን ብቻ፤ 320 ጎደላት። ያውም አዲስ አበባ በቆየች በእያንዳንዱ ቀን ከኋላ አንድ የቶሮንቶ ቀን ይወድቅባታል። ዛሬ ነገ ማለት የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ልጁ ተስፋ አደረገ፤ እሱ ዜጋ ነው፣ እናቱ ዘንድ መጥቶ ስምንት ወር ከቤት እየሠራ አብሯት ኖሯል። አይቆጠርም አሉት። ከዜጋ ጋር ውጭ አገር የተኖረ ቀን የሚቆጠረው ዜጋው ባል ወይም ሚስት ሲሆን፣ ለልጅ ደግሞ ዜጋው ወላጁ ሲሆን ነው፤ ወላጅ ከልጁ ጋር ሲሆን ግን የለም። አያት ሰፈር ያለች ጎረቤታቸው፣ ባሏ ካናዳዊ የሆነ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በረዶ ሳታይ ቀኖቿ ሙሉ ናቸው። እህቷን ያስታመመችው ሴት ግን ጎዶሎ ናት። ይኸ ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም፣ አልሸሽገውም።

ሆኖም ያው አንቀጽ 28 ሌላ ነገርም ይዟል። መኮንኑ ሰብአዊ ምክንያትን፣ ውሳኔው በቀጥታ የሚነካውን ሕፃን ጥቅም ጭምር፣ አይቶ ነዋሪነቷ ይጽና ሊል ይችላል። ሳይነግሩት ግን ከየት ያውቃል? ጠበቃዋ በጉዞ ሰነዱ ማመልከቻ ላይ የጎደለውን ቀን ቁጥር ራሷ ታስቀምጥ አለ፤ አልደበቀችም። ከዚያ ለምን እንደወጣች፣ ለምን ቶሎ እንዳልተመለሰች፣ ካናዳ ማን እንዳላት ጻፈች። የእጥበቱን ደረሰኝ ከፌስታል አወጣች፣ የሆስፒታሉን ደብዳቤ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ በኮሮና የተሰረዘ ቲኬት፣ የመጦሪያው አሠሪዋ የጻፈላትን። የጉዞ ሰነዱ ማመልከቻ 50 ዶላር ነው። ባይሳካ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ፤ ነገር ግን ይግባኝ ባዩ ባለፉት 365 ቀናት ካናዳን ካልረገጠ፣ ችሎቱን እዚያ ሆኖ የሚጠብቅበት ሰነድ በመብት አይሰጠውም። እሷ አራት ዓመት ሊሞላት ነበር።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ፓስፖርቷን ላኪ ተባለች። ሰነዱ ተለጥፎ መጣ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከእሱ በፊት የነበረውን የቀን ጉድለት ሁሉ ይሽረዋል፤ ሕጉ ራሱ ነው የሚለው።

ዛሬ ልብስ እጥበቱ ክፍል ተመልሳለች፤ አዲሱ ካርድም በፖስታ መጥቷል። አሁን የምትሞላው ፎርም የእህቷን ልጅ ነው። እናትና አባቷን ያጣች፣ ያላገባች፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነች የእህት ልጅን አክስቷ ስፖንሰር ማድረግ ትችላለች፣ ቋሚ ነዋሪ ሆና ካናዳ ውስጥ እስከኖረችና ገቢዋ እስከበቃ ድረስ። ያኔ ፒያሳ ፈርማ ቢሆን ኖሮ ይኸ ፎርም ለእሷ አይሆንም ነበር። ልጅቱ አሥራ አምስት ሞልቷታል። እትዬ ማታ ማታ ትርፍ ሰዓት ትሠራለች።