ስለ ሜሪዲስ ስም አመጣጥና ስለ ኢትዮጵያውያን የአባት ስም

ሜሪዲስ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የተጸውዖ ስምም የቤተ ሰብ ስምም ሆኖ ያገለግላል። መነሻው «ማሬዲዝ» የተባለው ጥንታዊ የዌልስ ወንዶች ስም ሲሆን፣ የመጨረሻው ክፍል «ጌታ» ማለት ነው። በዌልስ የወንድ ስም እንደ ሆነ ቀርቷል፤ በአሜሪካ ግን ከ20ኛው ምዕት ዓመት ወዲህ ይበልጡን ለሴት ይሰጣል። የዚህ ስም ታሪክ ከኢትዮጵያውያን የስም ሥርዓት ጋራ ሲመዛዘን ብዙ ነገር ያስረዳል።

የዌልስ ሰው በቀድሞ ዘመን ቋሚ የቤተ ሰብ ስም አልነበረውም። ከራሱ ስም ቀጥሎ «ልጅ» ለማለት «አፕ» ብሎ የአባቱን ስም ያስከትላል፤ ዘሩን ለማስረዳት ሲፈልግም አያቱንና ቅድመ አያቱን በዚያው አኳኋን ይቈጥራል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1536 በወጣው ሕግ ዌልስ ከእንግሊዝ ጋራ ተዋሕዳ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ በኋላ ግን የአባት ስም በጸሐፊዎች መዝገብ እየጸና ሄደ። «አፕ»ም ከስሙ ጋራ ተጣብቆ አፕ ራይስ ፕራይስ፣ አፕ ሃወል ፓወል ሆነ።

ከዚህ ሕግ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ወደ እንግሊዝ ቤተ መንግሥት የገባው ኦወን የአባቱ ስም ማሬዲዝ፣ የአያቱ ስም ቱዶር ነበር። የአባቱ ስም ቢጸናለት ኖሮ ዘሩ ሜሪዲስ በተባለ ነበር። ነገር ግን የአያቱ ስም ጸናበትና የልጅ ልጁ ሄንሪ 7ኛ በ1485 ሲነግሥ ሥርወ መንግሥቱ ቱዶር ተባለ።

በኢትዮጵያም ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተ ሰብ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት አለ። በዌልስ «ልጅ» የሚለው ቃል ሰውን ከሥጋ አባቱ ጋራ ሲያያይዝ፣ በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ «ወልደ» የሚያያይዘው ከእግዚአብሔር ወይም ከቅዱሳን ጋራ ነው። ወልደ ሚካኤል የተባለ ሰው አባቱ ሚካኤል አይደለም፤ የሥጋ ልጅነት የሚታወቀው በስሞች ተራ ብቻ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ ሲባል፣ የአያቱ ስም በአንድ ትውልድ ወደ ሦስተኛው ስፍራ ወረደ።

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው ቍጥር ማንኛውም ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ልማዱ በረታ። በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራባዊ ዳር በአስኮ፣ ዐማራው፣ ኦሮሞውና ጉራጌው ጐረቤት ሆኖ ሲኖር ስሙ ቢለያይም ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም።

የአስኮ ተወላጅ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ግን የኦወን ዕጣ ይደርሰዋል። ለምሳሌ አልማዝ ተሰማ ወልደ ሚካኤል የምትባል ሴት ብትኖር፣ አንዱ መዝገብ ተሰማን፣ ሌላው ወልደ ሚካኤልን የቤተ ሰብ ስም ያደርግላታል። «ወልደ»ን ብቻ ቈርጦ የሚያስቀር መዝገብም አይታጣም፤ ያን ጊዜ ልጅነቱ ይጻፋል፣ የማን ልጅነት እንደ ሆነ ግን አይታወቅም። ወንድምና እኅትም በልዩ ልዩ ስም ተመዝግበው ዘመዳሞች መሆናቸው ይሰወራል።

እንዲህ የጸናው ስም ሳይለወጥ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አንድ አያት ይታወሳል፤ ከእርሱ በኋላ የሚነሡት አባቶች ግን ከልጆቻቸው ስም ይወጣሉ። ስለዚህ የኢትዮጵያውያንን የትውልድ ሐረግ የሚመረምር ሰው፣ በስሙ ላይ ከመፍረዱ አስቀድሞ የስሞቹን ተራና መዝገቡ የተጻፈበትን አገር መጠየቅ ይገባዋል።