«ለምን ቶሎ አትቆርጡትም?»

የወንድሜን መታመም ሰምታችሁ የደወላችሁ፣ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፍ ብዬ ነው። ረዘም ይላል። የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ።

ጋሼ ስምንት ወር ሙሉ ደም እያየ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ዝም አለ። እኛም ኪንታሮት ነው አልን። በኋላ ሲመረመር ከፊንጢጣ ከፍ ብሎ፣ የትልቁ አንጀት ጫፍ ላይ ካንሰር ተገኘ። ውጤቱን ለመስማት ስድስት ሆነን ገባን (የእኛን ቤት ታውቁት የለ)። ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። «ኦፕራሲዮኑ አሁን አይደለም። መጀመሪያ ኤምአርአይ ይነሳሉ፣ ቀጥሎ ጨረርና ኬሞ፣ ከዚያ እንደገና አይተን እንወስናለን» አለችው። ውሳኔው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጉዳዩን ለሐኪሞች ስብሰባ እንደምታቀርበውም ነገረችን።

እኔ ተናደድኩ። «ካንሰር እኮ ነው! ለምን ቶሎ አትቆርጡትም?» አልኳት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ስብሰባ ሲባል ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ነው የታየኝ። ከዚያ ወጥቼ አፈላልጌ፣ በሳምንት ውስጥ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩለት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። ሕክምና አልተማርኩም። ግን «ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» ብሎ መጠየቅ የሙያዬ ነው።

የእኔ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ያረጀ ሆኖ አገኘሁት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን ውስጥ ኧርነስት ማይልስ የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። እንደ ዘመኑ ሐኪሞች ዕጢውን ከታች በኩል ገብቶ ይቆርጥ ነበር። 57 ሰዎችን እንዲህ አክሞ ተከታተላቸው። በ54ቱ ካንሰሩ ተመልሶ መጣ። ይህን ቁጥር ደብቆ መኖር ይችል ነበር፤ እሱ ግን የሞቱትን ታካሚዎቹን አስከሬን እየመረመረ ካንሰሩ የት የት እንደቀረ ፈለገ። ወደ ላይ በንፍፊቶች በኩል፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታችም ይሄዳል ብሎ ደመደመ። ስለዚህ በ1908 አዲስ ዘዴ አሳተመ፦ ከሆድም ከታችም ገብቶ፣ አንጀቱን፣ ንፍፊቱን፣ ፊንጢጣውን ጭምር ጠራርጎ ማውጣት። ሰውየው ከተረፈ ዕድሜ ልኩን ሰገራው በሆዱ በተከፈተ ቀዳዳ ይወጣል።

ብዙ ሰው አድኗል፣ አይካድም። ለአሥርት ዓመታትም ውሳኔው ይኸው ነበር፦ አንድ ሐኪም፣ አንድ ቢላ፣ አንድ መልስ። እኔ ሐኪሟን ስጮህባት የጠየቅኳት የማይልስን ሕክምና ነበር፣ ሳላውቀው።

ቀጥሎ የመጣው ሐኪም ሳይሆን ማይክሮስኮፕ ነው። የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ፓቶሎጂስት ከትበርት ዱክስ (ይሄም ለንደን ነው) በ1932 የወጡትን ዕጢዎች በሦስት ፊደል መደባቸው። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ የቀረው «ኤ»፣ ግድግዳውን አልፎ የወጣው «ቢ»፣ ንፍፊት የደረሰው «ሲ»። ሁሉም የአንጀት ካንሰር አንድ እንዳልሆነ በግልጽ ታየ። ማይልስ የፈራው የቁልቁል ጉዞም ብዙ ጊዜ እንደማያጋጥም ታወቀ። ስለዚህ ዕጢው ከፍ ላለላቸው ሰዎች አንጀቱን ቆርጦ መልሶ መቀጠል ይቻላል ማለት ነው፤ በ1948 አሜሪካ ውስጥ የሜዮ ክሊኒኩ ክላውድ ዲክሰን ይህንኑ በብዙ ታካሚዎች አሳየ። ግን የዱክስ ፊደል አንድ ችግር አላት። የምትታወቀው አንጀቱ ከወጣ በኋላ ነው። ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ ማስረጃው ይመጣል እንደማለት ነው።

በ1982 ቢል ሂልድ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ስለ አንድ የስብ ሽፋን ጻፈ። አንጀቱ በዚያ ጫፍ ላይ በስብ ተጠቅልሎ ነው ያለው። ሐኪሞች በእጃቸው እየገነጣጠሉ ሲያወጡት ከስቡ ጋር ካንሰር እዚያው ይቀራል። ሂልድ ጥቅሉን ሳይቀደድ፣ በዓይን እያዩ ማውጣት አለብን አለ። አሁን በየትም አገር የሚሠራበት መሠረት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ቅደም ተከተሉ የተገለበጠው። ስዊድኖች 1,168 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ ቀጥታ ኦፕራሲዮን፣ ግማሹ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የአንድ ሳምንት ጨረር። በ1997 ባሳተሙት ውጤት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው ቦታ የተመለሰባቸው ቀጥታ ከተቆረጡት 27 በመቶ፣ ጨረር ከቀደመላቸው 11 በመቶ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ደግሞ 48 እና 58 በመቶ። ይህን ቁጥር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። በ2004 ጀርመኖች ጨረርና ኬሞው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወይስ በኋላ ይሁን ብለው አነጻጸሩ። በፊት የተሰጣቸው 6 በመቶ፣ በኋላ የተሰጣቸው 13 በመቶ ተመለሰባቸው። በሕይወት በመቆየት ግን ልዩነት አልነበረም።

ስብሰባውም ያኔ ገባኝ። ኤምአርአዩ ዕጢው ከዚያ የስብ ሽፋን ጠርዝ ስንት ሚሊሜትር እንደራቀ ያሳያል፤ የዱክስን ፊደል አስቀድሞ እንደመገመት ነው። ምስሉን የሚያነበው አንድ ሰው፣ ናሙናውን የሚያየው ሌላ፣ ጨረሩን የሚሰጠው ሌላ፣ ኬሞውን የሚያዘው ሌላ፣ ቢላውን የሚይዘው ሌላ። አንድ ላይ ካልተቀመጡ ማን ይቅደም የሚለው አይታወቅም።

በጣም የገረመችኝ ግን የሳኦ ፓውሎዋ ቀዶ ሐኪም አንጀሊታ ሃብር-ጋማ ናት። ከጨረርና ኬሞ በኋላ በአንዳንዱ ሰው ላይ ዕጢው ተፈልጎ ይጠፋል። ታዲያ ምኑን ነው የምንቆርጠው አለች። በ2004 ባወጣችው ጽሑፍ ከ265 ታካሚዎች 71ዱን ሳትቆርጥ በየጊዜው እየመረመረች ብቻ እንደተከታተለች ገለጸች። ለቀዶ ሐኪም አለመቁረጥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ብዙ ባልደረቦቿ አላመኗትም ነበር። በ2018 ከብዙ አገር የተሰበሰበ የ880 ታካሚዎች መዝገብ ሲታይ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአራቱ በአንዱ ገደማ ዕጢው ተመልሶ በቅሏል። ስለዚህ ክትትሉ ቀልድ የለውም፤ ቀጠሮ መቅረት አይቻልም።

በ2022 «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» ብላችሁ ሼር ያደረጋችሁትንም አስታውሳለሁ። ኒውዮርክ ላይ 12 ታካሚዎች ዶስታርሊማብ ተሰጥቷቸው በ12ቱም ዕጢው ጠፋ። እውነት ነው። ግን የእነሱ ዕጢ የተለየ የዘረ-መል ብልሽት ያለበት ዓይነት ነው፤ በዚህ ቦታ ካንሰር ከሚይዛቸው ሰዎች ጥቂቱ ብቻ ነው ይህ ያለው። የጋሼ ተመርምሮ አይደለም ተባለ።

ለእኛ አገር ሌላም ጥያቄ አለ፦ ማሽኑ የታለ? ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ከአዲስ አበባ ውጭም ተጀምሯል። ሆኖም ወረፋ ሲረዝም ሐኪሙ የሚያውቀውን ቅደም ተከተል ትቶ ያለውን ማድረግ ይገደዳል። የስዊድኑ የአምስት ቀን ጨረር እዚህ የበለጠ ትርጉም ያለው ይመስለኛል። እኛም ተራ ጠበቅን፤ እሱ ጊዜ ከሁሉ ከብዶኝ ነበር።

ጠዋት ያኛውን ቀጠሮ ሰረዝኩ። ሐኪሟንም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ለምደነዋል» አለችኝ።

ከሕክምናው በኋላ ዕጢው በጣም ቀንሶ ነበር እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ እንደ ብራዚሎቹ መጠበቅ ለጋሼ እንደማይሆን ተነገረው። እሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ቦርሳው ዕድሜ ልክ ነው?» ሐኪሟም «ለጥቂት ወራት ነው አባቴ፣ የተቀጠለው አንጀት እስኪድን» አለችው። ፈረመ። ኦፕራሲዮኑ ከተደረገ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ቦርሳው የሚነሳበት ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ መጠየቅ የምትፈልጉ ከሰዓት በኋላ ኑ፤ ጠዋት ጠዋት ይተኛል። ብርቱካን አታምጡ፣ ቤቱን ሞልቶታል።