ከታራንታ እስከ ጭላሎ

የሰው ልጅ ወፍን ከዛፍ አውርዶ ከቤቱ ለማኖር መመኘት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የላባዋ ኅብር፣ ይልቁንም የሰማችውን ድምፅ መልሳ የማሰማት ችሎታዋ፣ በቀቀንን ከአእዋፍ ሁሉ ለይቶ የሰው ባልንጀራ አድርጓታል። እንግሊዛዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ጆን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1840 ትንሿን የአውስትራሊያ በቀቀን ከነሕይወቷ ወደ አገሩ ካስገባ ወዲህ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ በቀቀን ማርባት ወደ ተራው ሰው ቤት ዘለቀ።

የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ የእኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 በታተመው የሄንሪ ሶልት የሐበሻ ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ፣ ኤድዋርድ ስታንሊ አንዲት አረንጓዴ በቀቀን ለሳይንስ አስተዋወቀ። ስሟን ያገኘችው ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው ከሚያወጣው፣ ዛሬ በኤርትራ ከሚገኘው የታራንታ መተላለፊያ ነው። ወንዱ በቀይ ግንባሩ ይታወቃል፤ ሴቷ አረንጓዴ ግንባር አላት። የተፈጥሮ አገሯ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ሲሆን፣ ከጭላሎ ግርጌ ያለችው አሰላና የአርሲ ደጋም መኖሪያዋ ናቸው።

የቅርብ ወገኖቿ፣ እርሷን ጨምሮ፣ ዘጠኝ ናቸው፤ የወል ሳይንሳዊ ስማቸውም በግሪክኛ «የፍቅር ወፍ» ማለት ነው። ጥንዶቹ ተጠጋግተው አንዱ የሌላውን ላባ ሲያበጥር ያየ ሁሉ የስሙ ምክንያት አይጠፋውም። አርቢውንም የሚማርከው ይኸው ነው።

ነገር ግን ይህ ፍቅር ቤት አለው። ታራንታ የምታድረውና የምትፈለፍለው በአሮጌ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። እርሻ ሲሰፋ አሮጌው ጥድና ዝግባ ይወድቃል፤ በምትኩ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚቆረጥ፣ ሽንቁር ለማበጀት የሚበቃ ዕድሜ አያገኝም።

የበቀቀን ንግድ ከሞላ ጎደል እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል፤ ኢትዮጵያም በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች። ይሁን እንጂ ሕግ ወፏን ከነጋዴ ወጥመድ ቢጠብቃት፣ ከመጥረቢያ የሚጠብቅላት ጎረቤቷ ነው። የአሰላ መምህር ለተማሪዎቹ በቀቀን ሊያሳይ ቢወድ የሽቦ ጎጆ አያስፈልገውም፤ አንድ ያረጀ ጥድ ሳይቆረጥ እንዲቆይ ማድረግ ይበቃዋል። በቀቀንን በእውነት ማኖር ማለት፣ ሽንቁሯን ከነዛፉ ማኖር ነው።