የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪ እጅ፦ ሕጋዊ ሠራተኛ እንዴት 'ሕገ ወጥ' ትሆናለች?

ከአዲስ አበባ ተነስታ ሪያድ የምትገባ የቤት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ወረቀቷ የተሟላ ነው። ፓስፖርት አላት፣ የሥራ ውሏ ተመዝግቧል፣ ቪዛዋንም የላከላት ቀጣሪዋ ነው። ይህችው ሠራተኛ ከስድስት ወር በኋላ ድንበር ሳትሻገር፣ ሰነድ ሳታጭበረብር፣ የማንንም ንብረት ሳትነካ በፖሊስ የምትፈለግ ሰው ልትሆን ትችላለች። ለዚህ የሚያበቃት ደመወዟን የከለከላትን ቤት ጥላ መውጣቷ ብቻ ነው።

ስለ ስደት ሲነገር 'ሕጋዊ' እና 'ሕገ ወጥ' የሚሉት ቃላት የሰዎቹ መለያ ባሕርይ ይመስላሉ። በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚሠሩ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ተሞክሮ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ብዙዎቹ በሕግ ገብተው ከሕግ ውጪ የሚሆኑት በሥራ ፈቃዱ አሠራር ምክንያት ነው፤ ፈቃዱ የታሰረው ከሥራው ጋር ብቻ ሳይሆን ከአንድ የተወሰነ ሰው ጋር ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ከአዋጅ ቁጥሮች ጋር የተጻፉት ግን የኢትዮጵያ ናቸው።)

ከፈላ ምንድን ነው?

ከፈላ የአረብኛ ቃል ነው። ዋስትና ወይም ኃላፊነት መውሰድ ማለት ሲሆን፣ በእስልምና ሕግ ወላጅ አልባ ሕፃንን ለማሳደግ ለሚገባ ኃላፊነትም ያገለግላል። በሥራ ስምሪት ረገድ ግን የውጭ አገር ሠራተኛ ወደ አገር የሚገባው፣ የሚኖረውና የሚሠራው 'ከፊል' በሚባል ዋስ ስም ነው ማለት ነው። ዋሱ ደግሞ በአብዛኛው ራሱ አሠሪው ነው። አሠራሩ በተለያየ መልክ በባሕረ ሰላጤው አገራት፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ ይገኛል።

አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች መነሻውን በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በባሕሬን የነበሩ የብሪታኒያ ሹማምንት የውጭ አገር ዕንቁ ጠላቂዎችን ለመቆጣጠር ካወጡት ደንብ ጋር ያያይዙታል። የተስፋፋው ግን ከ1970ዎቹ የነዳጅ ገቢ በኋላ ነው። የአካባቢው መንግሥታት ጥቂት ዜጋና ብዙ ሥራ ነበራቸው። ዛሬም በ2022 የሳዑዲ አረቢያ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከ32.2 ሚሊዮን ነዋሪዎች 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ በኳታርና በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ደግሞ ዜጎች ከነዋሪው ጥቂቱ እጅ ናቸው። ያን ሁሉ ሰው መከታተል ለመንግሥት ከባድ በመሆኑ ኃላፊነቱ ለየግለሰቡ ዜጋ ተላለፈ። መንግሥት የኢሚግሬሽን ሥራውን ለቤት እመቤቶችና ለሱቅ ባለቤቶች አከራየ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በተግባር 'ኢቃማ' የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደስ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሳያሳድስ ቢቀር ግን መንገድ ላይ ስትገኝ የምትያዘው ሠራተኛዋ ናት። ቤቱን ጥላ ከወጣች አሠሪዋ 'ሁሩብ' ማለትም ጠፍታለች ብሎ ሊያመለክት ይችላል። ያን ጊዜ የመኖሪያ መብቷ ይቋረጣል፤ የቀረ ደመወዟን ለመጠየቅ ባለሥልጣን ፊት መቅረብ ራሱ ለእስር የሚያጋልጥ ይሆናል። ፓስፖርት መንጠቅ በሳዑዲ ሕግ የተከለከለ ቢሆንም ከኮንትራት የተመለሱ ሴቶች ደጋግመው የሚያነሱት አቤቱታ ነው።

በዚህ ላይ የቤት ሠራተኞች ከአጠቃላዩ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጪ መሆናቸው ይታከላል። የሳዑዲ ሕግም ሆነ በ1946 የወጣው የሊባኖስ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ በግልጽ አውጥቷቸዋል። ሳዑዲ በ2013 ያወጣችው ልዩ ደንብ በቀን ቢያንስ የ9 ሰዓት ዕረፍትና በሳምንት የአንድ ቀን ፈቃድ ደንግጓል። የ9 ሰዓት ዕረፍት የሚለው ሲገለበጥ በቀን እስከ 15 ሰዓት ማሠራት ይቻላል እንደ ማለት ነው። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ የሥራ ሰዓቱን ወደ 10 ዝቅ አድርጎታል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀውንና የቤት ሠራተኞችን መብት የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 189 ከባሕረ ሰላጤው አገራት አንዱም አላጸደቀውም።

ይህ እየታወቀ ለምን ይኬዳል?

ድህነት የሚለው መልስ ስህተት ባይሆንም ያልተሟላ ነው። ከሁሉ የባሰው ድሃ በቀላሉ አይሰደድም፤ ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራና ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ወይም ብድር ያስፈልጋልና። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማና ከትግራይ ገጠሮች የሚነሱት ወጣቶች ብዙዎቹ የተወሰነ ትምህርት የተማሩ፣ ከወላጅ የሚካፈሉት መሬት ግን ለማሳ የማይበቃ ሆኖ የጠበቃቸው ናቸው። ትምህርቱ ከእርሻ አርቋቸዋል፣ ከተማው ደግሞ ሥራ አልሰጣቸውም። ድርቅና ጦርነት ሲጨመር ውሳኔው ይፋጠናል። በመንደሩ ውስጥ የጎረቤት ልጅ በላከችው ገንዘብ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ካለ ደግሞ ደላላው ብዙ መናገር አይጠበቅበትም። ስለ ጉዞው አደጋ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ሰው የማያስቀረውም ለዚህ ይመስላል፤ አደጋው የሚሰማ ነገር ነው፣ ቤቱ ግን በየቀኑ የሚታይ ነው።

በሌላው ጫፍ ፍላጎቱ እያደገ ነው። በ2017 ከሳዑዲ ሴቶች በሥራ ገበያ ውስጥ የነበሩት 20 በመቶ አይሞሉም ነበር፤ በ2022 ወደ 35 በመቶ ደርሰዋል። ከቤት ወጥታ ቢሮ የምትገባ እናት ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰው ትፈልጋለች። ሳዑዲ ከ2011 ጀምሮ 'ኒጣቃት' በተባለው መርሐ ግብር የግል ድርጅቶች የተወሰነ የዜጎች ድርሻ እንዲቀጥሩ ታስገድዳለች፤ የቤት ሥራ ግን ለዜጎች ይለቀቅ ከሚባሉት ሥራዎች ውስጥ አይደለም።

በሩ ሲዘጋ

ላኪ አገራት በዜጎቻቸው ላይ በደል ሲበዛ ቀድመው የሚወስዱት እርምጃ እገዳ ነው። ኢትዮጵያ በጥቅምት 2013 ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይጓዙ አገደች። ወዲያው በኅዳር ሳዑዲ ሰነድ በሌላቸው የውጭ ዜጎች ላይ የጀመረችው ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰ። ኬንያ በ2014 የኤጀንሲዎችን ፈቃድ ሰርዛ የቤት ሠራተኞችን ጉዞ አቆመች። ኡጋንዳ በ2016 ወደ ሳዑዲ የሚላኩትን ከለከለች። ሁለቱም በ2017 እገዳውን አነሱ፤ ኢትዮጵያ በ2018።

በእነዚያ ዓመታት ጉዞው አልቆመም፤ መስመር ቀየረ እንጂ። በጂቡቲ ኦቦክና በሶማሊያ ቦሳሶ በኩል በጀልባ ወደ የመን የሚደረገው ጉዞ በ2016 ከ117 ሺህ በላይ፣ በ2019 ደግሞ ከ138 ሺህ በላይ ሰዎችን አሻግሯል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የ2019 ቁጥር በዚያው ዓመት ሜዲትራኒያንን አቋርጠው አውሮፓ ከገቡት ይበልጣል። ለዚህ ሁሉ እገዳው ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በኤጀንሲ በኩል መሄድ የምትችል ሴት በሩ ሲዘጋባት የሚቀርላት አማራጭ ይኸው የባሕርና የበረሃ መንገድ ነው። በየመን ጠረፍ ራስ አል-አራ አካባቢ አጋቾች ማስለቀቂያ ገንዘብ ከቤተሰብ ለማግኘት ስደተኞችን ያሰቃያሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል፤ ሳዑዲ ክሱን አስተባብላለች።

ከእገዳ ይልቅ በር ከፍቶ መቆጣጠር የሚለው ሐሳብ በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ውስጥ ሰፍሯል፤ አዋጁ በ1246/2013 ተሻሽሏል። ዜጎች የሚላኩት የሁለትዮሽ ስምምነት ወደተፈረመባቸው አገራት ነው፤ ኤጀንሲዎች የዋስትና ገንዘብ በዝግ ሂሳብ ያስቀምጣሉ። የወጪው ክፍፍልም ተለይቶ ተቀምጧል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀትና ለመሳሰሉት ነው። ደላላ 'ለቪዛ' ብሎ የሚቀበለው ገንዘብ እንግዲህ በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ከብሩን ከፍሎ በኋላ ነው።

የአገር ውስጥ አዋጅ ግን ጉልበቱ ቦሌ ላይ ያበቃል። በዚህ ረገድ ፊሊፒንስ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት ትጠቀሳለች። በ2006 ለቤት ሠራተኞቿ በወር 400 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ወስና ነበር። ከተጓዦች በሚሰበሰብ መዋጮ የሚተዳደር የድጋፍ ፈንድም አላት። በ2018 ሠራተኞቿን ወደ ኩዌት መላክ አቁማ፣ ሠራተኞች ፓስፖርታቸውንና ስልካቸውን እጃቸው እንዲይዙ የሚያስችል ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እገዳውን አንስታለች። ኤምባሲዋ ጥሩ ስለሆነ ብቻ የተገኘ ውጤት አይደለም፤ ሠራተኞቿ በቀላሉ የማይተኩ መሆናቸውን ታውቃለች። ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ኡጋንዳ ግን አንዱ ሲዘጋ ሌላው የሚተካ አቅራቢ በመሆናቸው ለየብቻ ሲደራደሩ አቅማቸው ያንሳል።

የአረብ አገራት ጉዳይ ብቻ ነው?

አይደለም። በብሪታኒያ ከ1998 ጀምሮ ከአሠሪዎቻቸው ጋር የሚገቡ የቤት ሠራተኞች ቀጣሪ መቀየርና ቪዛቸውን ማሳደስ ይችሉ ነበር። በ2012 መብቱ ተነሳ፤ ቪዛው ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረና ከስድስት ወር የማያልፍ ሆነ። በ2016 ቀጣሪ መቀየር እንደገና ተፈቀደ፤ ግን በዚያችው ስድስት ወር ውስጥ። ሁለት ወር ብቻ የቀራትን ሠራተኛ የሚቀጥር ቤት ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ካናዳም በተወሰኑ ዘርፎች ለአንድ አሠሪ ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ትሰጣለች፤ ከ2019 ወዲህ ግን በደል የደረሰበት ሠራተኛ የትም መሥራት የሚያስችል ፈቃድ መጠየቅ ይችላል።

በባሕረ ሰላጤው ሩቅ የሄደችው ኳታር ናት። በ2020 ሠራተኞች፣ የቤት ሠራተኞችን ጨምሮ፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ ፈቀደች፤ በ2021 የ1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ ሥራ ላይ አዋለች። ሳዑዲ በመጋቢት 2021 የጀመረችው ማሻሻያ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ያለ አሠሪው ስምምነት እንዲዘዋወርና ከአገር እንዲወጣ ያስችላል፤ የቤት ሠራተኞች፣ የቤት ሾፌሮች፣ አትክልተኞችና እረኞች ግን አልተካተቱበትም። ሊባኖስ በ2020 ያዘጋጀችው አዲስ የሥራ ውል በአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ታግዷል። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ቤይሩታውያን ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄደው ነበር።

በመጋቢት 2022 መጨረሻ ኢትዮጵያ ከሳዑዲ ጋር ተስማምታ በዚያ ማቆያዎች ያሉትን ጨምሮ 100 ሺህ ገደማ ዜጎቿን ለመመለስ በረራ ጀመረች። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በክልሎች እስከ 500 ሺህ የሚደርሱ ሴቶችን በቤት ሠራተኝነት ወደዚያችው አገር ለመላክ ምዝገባ ተከፈተ። አዲሶቹ ተመዝጋቢዎች የሚሄዱበት ቪዛም እንደ ቀደሙት ሁሉ በአንድ ቀጣሪ ስም የሚወጣ ነው።