ከቀጨኔ ወናፍ እስከ ባለ ምሰሶው ትራፓኖ

ቀጨኔ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው ሸክላ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ የሰፈሩ ሴቶች ጀበናና ምጣድ ሲሠሩ ኖረዋል። የወንዶቹ ሥራ ግን ያን ያህል አይወራለትም። ሸማ ይሸምናሉ፤ ብረትም ይቀጠቅጣሉ። ብዙዎቹ ነባር ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን ከሰሜን ሸዋ ባለእጆች ይቆጥራሉ። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ ባደረጉበት ዘመን ተራራው ባለእጅ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያምም ሆነች ግቢያቸው ያለ ማጠፊያ፣ ያለ ምስማርና ያለ መቀርቀሪያ አይቆሙም።

ማጠፊያ ደግሞ ቀዳዳ ይፈልጋል።

ቀጥቃጩ ብረት የሚበሳው በእሳት ነው። ወናፉን እየነፋ ከሰሉን ያፋፍማል፤ ብረቱ ሲግል በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የሾለውን መብሻ አሳርፎ በመዶሻ ይመታል። በዚህ አሠራር ብረቱ አይፈለፈልም፤ ወደ ጎን ይገፋል እንጂ። ስለዚህ የቀዳዳው ዙሪያ ያብጣል፣ ቅርጹም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ለበር ማጠፊያ ይህ እንከን አይደለም፤ እንዲያውም ያበጠው ጠርዝ ለምስማሩ ብርታት ይሰጠዋል። አንዱን ብሎን እዚህም እዚያም እያፈራረቁ ለሚያስሩበት መኪና ግን አይሆንም።

እሳትና ብረት እንደልቡ የሚያዝ ሰው በአገራችን ሲፈራና ሲናቅ ኖሯል። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሚቀበሉት ሰዎች ሠሪውን ጠይብ ይሉታል፣ ቡዳ ነው ብለው ይሸሹታል፣ ልጃቸውን አይድሩለትም። ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ይህን ለማስቀረት ሞክረዋል። ሰውን በእጅ ሥራው ምክንያት የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል፣ ለአንድ ዓመትም ይታሰራል ተባለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1901 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በስማቸው የተሰየመው የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያ የተሰጠው ትምህርት በዋነኛነት ቋንቋ ነበር። ባለእጁን አትስደቡ ያለው መንግሥት ልጁን በትምህርት ቤት መዶሻ ለማስጨበጥ ገና ብዙ ዓመት ቀረው። ይህ ክፍተት ሊወቀስ የሚገባው ነው።

የእጅ ሥራ ጉጉት ግን ከቤተ መንግሥት አልጠፋም። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠርተዋል፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ተጎትቷል። ምኒልክም በ1871 ዓ.ም. የመጣውን ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን አስቀርተውታል። መጀመሪያ ጫማ ሥራ ብለው ፈተኑት፣ ቀጥሎም ጠመንጃ ብለው አዘዙት እየተባለ ይተረካል። ኢልግ ጫማውን ከሠራ በኋላ ንጉሡ ፈታትተው አዩት የሚለው ትረካ እውነት ባይሆን እንኳ ጠባያቸውን ይመስላል።

በዚሁ ዘመን በባሕር ማዶ የመብሳት ሥራ ሌላ መልክ ይዟል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ነዋሪ ስቲቨን ሞርስ በእኛ 1855 ዓ.ም. ጠምዛዛውን ፑንታ በባለቤትነት አስመዘገበ። ከዚያ በፊት የነበረው ጠፍጣፋ መብሻ የፈለፈለውን ብረት ከቀዳዳው የማውጣት አቅም አልነበረውም፤ ጠምዛዛው ግን እየበሳ ያወጣዋል። ፑንታውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ በእጀታ የሚጫን፣ በቀበቶ የሚዞር ባለ ምሰሶ ትራፓኖም በየፋብሪካው ቆመ። እግሩ ከወለል ይታሰራል፣ ምሰሶው ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ አለ፣ ከላይ ራሱና ሞተሩ ይቀመጣሉ።

ወደ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ማሽን በብዛት ያመጣው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከፈረንሳይ መለዋወጫ እስኪመጣ ሎኮሞቲቭ ቆሞ አይጠብቅምና፣ የድሬዳዋ ጋራዥ ሠራተኞች የጎደለውን ራሳቸው መቁረጥ፣ መበሳትና ማስተካከል ነበረባቸው። አሮጌውን በአሮጌ አካል የማስነሳት ጥበብ በዚያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተወራርሷል። አሮጌው መስመር ቆሞ፣ በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ሲመረቅ፣ ያን ጋራዥ በሙዚየም ዓይን ያዩት ብዙዎች ናቸው። በሠራተኛ ዓይን ያዩት ጥቂቶች ይመስላሉ።

ጉለሌም የራሷ ድርሻ አላት። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. የከፈቱትና ሐኪም ወርቅነህ በበላይነት የመሩት ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተብሎ፣ ዛሬ እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። በሜክሲኮ አካባቢ ያለው ተግባረ እድ ደግሞ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የእጅ ሥራ በመንግሥት ትምህርት ቤት ወንበር ያገኘው እንዲህ ዘግይቶ ነው። ቀጨኔ ደግሞ ከእንጦጦው ኮሌጅ ሩቅ አይደለም። እሳቱና ማሽኑ ጎረቤታሞች ሆነው ሳይተዋወቁ መኖራቸው ያስቆጫል፤ አሮጌ ትራፓኖ ለመፍታትና ለማደስ የሁለቱም እውቀት ያስፈልጋልና።

ሥራው የሚጀመረው በመፍቻ አይደለም። ኮረንቲው ይነቀላል፣ ቀበቶው ይወልቃል፣ ፑንታውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ስፒንድሉ፣ በእጅ ይዞራል። ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ እርምጃ ፎቶ እየተነሳ ወይም በወረቀት እየተሳለ አካሉ ይፈታል። የማሽኑ ራስ ከባድ ነው፤ ብሎኖቹን ከመፍታት በፊት ከሥር መደገፍ አለበት። የስፒንድሉን እጀታ የሚመልሰው ጠምዛዛ ሞላም ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ጣት ይቆርጣል። ፑንታውን የሚጨብጠው ማንድሪኖ በስፒንድሉ ሾጣጣ አፍ ውስጥ በግፊት ብቻ የተጣበቀ ስለሆነ በመዶሻ አይመታም፤ በጎን ካለው ስንጥቅ ሽብልቅ ገብቶ በቀስታ ይገፋል። የዛገው ብሎን ናፍጣ ሲያድርበት ብዙ ጊዜ ይላላል።

ጠረጴዛው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቀደሙት ተጠቃሚዎች ግድየለሽነት ይታያል። የሚበሳውን ብረት አልፎ ጠረጴዛውን የነካ ፑንታ ጉድጓድ በጉድጓድ አድርጎታል። ጠረጴዛው ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ስለሆነ በቀላሉ አይበየድም፤ ሳይሞቅ ቢበየድ ይሰነጠቃል። ጉድጓዶቹ ተስተካክለው ተመሳሳይ ጊዛ ቢሰካባቸው ይሻላል። ያለቀው ቡሽ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ይወጣለታል። ድሮ በሦስት ፌዝ የሚሠራው ሞተርም 220 ቮልት ብቻ ባለበት ቤት በነጠላ ፌዝ ይተካል።

የቀጨኔው ሰው የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። የጠፋውን ሽብልቅ፣ የተሰበረውን እጀታ፣ የዛለውን ሞላ ማን ይሠራል? ቀጥቃጩ ብረቱን አግሎ በውሃ ወይም በዘይት ያጠነክራል፤ ከዚያ በቀስታ ሲያሞቀው በተወለወለው ገጽ ላይ የሚመጣውን ቀለም ይከታተላል። የገለባ ቢጫ ሲሆን ለመብሻና ለመቁረጫ ይሆናል፣ ሰማያዊ ሲሆን ለሞላ። ይህን ሙቀት በመለኪያ ማወቅ ይቻላል፤ ባለእጁ ግን በዓይኑ ይለየዋል።

ታድሶ የተገጠመ ትራፓኖ ሲሠራ ፍጥነቱ በፑንታው ውፍረት ይመረጣል። በለስላሳ ብረት ላይ የ10 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ሲፈልግ፣ የ20 ሚሊ ሜትሩ ግማሹ ይበቃዋል። ቀበቶው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚዛወረው ለዚህ ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ በታደሰው ማሽን ላይ በሳምንት ውስጥ ፑንታ ያቃጥላል።

ሆኖም የአሮጌ ማሽን መጨረሻው ብዙ ጊዜ መርካቶ ነው፤ ተቆራርጦ በኪሎ ይመዘናል። ምናለሽ ተራ ያሉት ባለእጆች ከበርሜል ምድጃ፣ ከጎማ በረባሶ የሚያወጡ ብልሆች ናቸው፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ጥፋቱ ምሰሶው ቀጥ ያለውን፣ ጊዛው ያልተሰነጠቀውን ትራፓኖ ዝገቱን ብቻ አይቶ ከግቢው የሚያወጣው ተቋም ነው። ፖሊቴክኒኮች ካላቸው አሮጌ ማሽን ጥቂቱን ለጥገና ማስተማሪያ ቢያቆዩና ከቀጨኔ ባለእጅ ጠርተው ሞላ ማጠንከርን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንባቢም ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ ትራፓኖ ካለው፣ ለሚዛን ከማቅረቡ በፊት ዝገቱን ጠርጎ ዘይት ይቀባው፤ ከዚያም ስፒንድሉን በእጁ አዙሮ ይሞክረው።