ኍልቈ ብናኝ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ሰፈሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ሲብት ዓይኑን ሲያሳክከው፣ ማስነጠሱ አልለቅ ሲለውና ጉሮሮውን ሲከረክረው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጉንፋንን ነው፤ ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጤና አዳሙንም ሞክሮ ሳምንቱ ወር ሲሆንበት ግን፣ ትኵሳት የሌለው፣ ከቤተ ሰቡ ወደ አንዱም የማይጋባ፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚታገሥ፣ ነፋስ ሲነፍስ የሚብስ ይህ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው ብሎ ይገረማል። በዚህ ጊዜ ቀድሞት የመጣ ወዳጁ «ፖለን ነው እኮ፤ ዛሬ ቍጥሩ ወጥቷል» ይለዋል። በአሜሪካ ከአየሩ ጠባይ ዜና ጋራ አብሮ የሚነገረው፣ እንግሊዝኛው «ፖለን ካውንት» የሚለው ይህ ቍጥር፣ በአማርኛ «ኍልቈ ብናኝ» ቢባል የተገባ ይመስለናል።

ብናኝ የሚለው ስም «በነነ» ካለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ የሥነ ሕይወት መጻሕፍት ተባዕታዩ ዘር ከአበባው እንስት ክፍል ጋራ የሚገናኝበትን ሥርዓት «ርክበ ብናኝ» ብለው ስለ ጠሩት እንግዳ አይደለም። ኍልቍ ደግሞ በግእዝ ቍጥር ማለት ነው። «የብናኝ ቍጥር» ብሎ መተው ሲቻል ወደ ግእዙ መሄድ ምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ ቍጥር የሚለው ቃል አንድ ድምር ብቻ ሲያሳስብ፣ ኍልቍ ግን ኦሪት ዘኍልቍን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው በየነገዱና በየወገኑ የሚደረገውን ቈጠራ ያስታውሳል፤ የብናኙም ቈጠራ በየነገዱ ካልሆነ ከንቱ መሆኑ ከዚህ በታች ይታያል። (በዚያ መጽሐፍ የተቈጠሩት ወንዶች ብቻ እንደ ነበሩ፣ በዚህም የሚቈጠረው ተባዕታዩ ብቻ ነው።)

የነገሩ ምርመራ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። ጆን ቦስቶክ የተባለው የሎንዶን ሐኪም በ1819 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) በየበጋው የሚመላለስበትን የገዛ ራሱን ደዌ ለባልንጀሮቹ ሐኪሞች ጽፎ ሲያሰማ፣ ምክንያቱ የበጋው ሐሩር ይመስለው ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሣው የማንቸስተሩ ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ ግን፣ እርሱም የዚሁ ደዌ ሕሙም ነበርና፣ ብናኙን በራሱ አፍንጫና በራሱ ቆዳ ላይ እየፈተነ፣ የሚያጣብቅ ነገር የተቀባ ትንንሽ መስተዋት በአየር ላይ እያኖረ፣ የተጣበቀውንም በማይክሮስኮፕ እየቈጠረ፣ ይባስ ብሎም መስተዋቱን በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት ላይ አስሮ ወደ ሰማይ እየሰደደ፣ ጥፋቱ የሐሩሩ ሳይሆን የሣር ብናኝ መሆኑን በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። በብዙ አገር የሚሠራበት የዛሬው መሣሪያ፣ ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ በ1952 የገለጸው፣ በሕንፃ ጣራ ላይ ተተክሎ በየደቂቃው 10 ሊትር አየር እየሳበ በዝግታ በሚዞር የሚያጣብቅ ጥብጣብ ላይ የሚያሳርፍ ነው፤ ባለሙያውም የእያንዳንዱን ቅንጣት ቅርጽ ለይቶ፣ ይህ የባሉጥ ነው፣ ይህ የበርች ነው እያለ ከቈጠረ በኋላ (የሣር ቅንጣት ሁሉ አንድ ይመስላልና በጅምላ ይቈጠራል)፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር በአማካይ ስንት ቅንጣት እንደ ነበረ ያሰላል። ለዋሽንግተን አካባቢ ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የአለርጂ ቤተ ሙከራ የሚገኘው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሰፈሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

በዚያ አገር ከሁሉ አስቀድሞ፣ በየካቲት፣ ብናኙን የሚለቀው የጥድ ወገን ነው፤ ይኸውም በየአብያተ ክርስቲያናችን ቅጽር የምናውቀው የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋራ ኤልምና ሜፕል፣ በሚያዝያም በርችና ባሉጥ ይከተላሉ። በግንቦትና በሰኔ ተራው የሣር ነው። ከነሐሴ አጋማሽ አንሥቶ ውርጭ እስኪያጠፋው ድረስ የሚገዛው ራግዊድ የተባለው አረም ነው፤ አንዱ ተክል ብቻ እስከ አንድ ቢሊዮን ቅንጣት ሊበትን የሚችለው ይህ አረም፣ በአገራችን ማሳውን የወረረው የቅንጬ አረም የሥጋ ዘመድ ነው፤ ኀይሉም የሚበረታው ስደተኛው እንቍጣጣሽን በሚያከብርበት ሰሞን ነው። ሕዝቡ ግን የሚከሰው የሚያየውን ነው። የቶኪዮ ከተማ በ1912 ያበረከተችውን የቼሪ ዛፍ አበባ ሊያይ ሄዶ ያስነጠሰው ሰው አበባውን ይረግማል፤ ነገር ግን የቼሪ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ፣ ንብ የምትሸከመው እንጂ በነፋስ ርቆ የሚሄድ አይደለም፤ መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብሰውም የፓይን ብናኝ ቢሆን ብዙ ሰው አያሳምምም። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ አበባው ለዓይን የማይሞላው፣ ብናኙም የማይታየው ነው።

ከአገር ቤት ሲመጣ ምንም ያልነበረበት ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለምን ይታመማል? ሰውነት ያላወቀውን አይጠላምና ነው። ብናኙን ደጋግሞ ሲተነፍስ፣ በአንዳንዱ ሰው ዘንድ ሰውነቱ ይህን የማይጎዳ ነገር እንደ ጠላት ቈጥሮ ተከላካይ ያዘጋጅለታል፤ በሚቀጥለው ወቅት ብናኙ ሲመለስ ሂስታሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአፍንጫና በዓይን ውስጥ ይፈስሳል፣ ማሳከኩና ንፍጡም ከዚህ ይመጣል። ይህን የተለወጠ የሰውነት ምላሽ የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ በ1906 ከጽርእ ሁለት ቃላት አጋጥሞ «አለርጂ» ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ በከተማ አማርኛ ሥር ስለ ሰደደ የሚነቅለው ያለ አይመስለኝም፣ መንቀልም አያስፈልግም።

ወደ ኍልቁ ስንመለስ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የአለርጂ ቢሮ ሚዛን የዛፍ ብናኝ ከ15 እስከ 89 መካከለኛ፣ ከ90 ጀምሮ ከፍተኛ፣ ከ1500 ሲደርስ እጅግ ከፍተኛ ሲባል፣ የሣር ግን በ20 ብቻ ከፍተኛ፣ በ200 እጅግ ከፍተኛ ይባላል፤ ስለዚህ «ዛሬ 25 ነው» ያለ ሰው የምን እንደ ሆነ ካልጨመረበት አንዳች አልነገረንም። ደግሞም ተቈጥሮ የወጣው ቍጥር የትናንት ነው፤ የዛሬና የነገ እየተባለ የሚነገረው ከዚያና ከአየሩ ጠባይ ተነሥቶ የተገመተ ነው። የተለካውም በአንድ ጣራ ላይ ያለው አየር ሲሆን፣ ከባሉጥ ዛፍ ሥር የሚኖረው ሰው በደጁ የሚያገኘው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

በዋሽንግተን አካባቢ በአማርኛ ዜና የሚያሰሙ ሰዎች ይህን ቢናገሩ የምንመኘው «ኍልቈ ብናኝ፣ የዛፍ 300፣ የሣር 3፣ የአረም ምንም» በሚል ሥርዓት ነው። በሐኪም ተመርምሮ ደዌው ከሣር መሆኑን የተረዳ ሰው፣ ዛፉ 300 ቢሆንም መስኮቱን ከፍቶ ያድራል፤ በባሉጥ የሚታመመው ግን መስኮቱን ዘግቶ፣ ከውጭ ሲገባ ፊቱንና ጠጕሩን ታጥቦ ይተኛል፤ ሐኪሙ ያዘዘለትንም የአፍንጫ መርጫ ቍጥሩ ከፍ እስኪል ሳይጠብቅ ሚያዝያ ከመግባቱ አስቀድሞ ይጀምራል።