የፈረሰኛው ጠመንጃና ስሙ

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ለፈረሰኛ ጦር የተሠሩ ጠመንጃዎችን እየፈለጉ መሰብሰብ የብዙ ታሪክ ወዳዶች ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሰብሳቢው ከብረቱና ከእንጨቱ ጋር ስሙንም ካልሰበሰበ ድካሙ ጎዶሎ ይሆናል። ብረት በዘይት እየተወለወለ ይቆያል፤ ስም ግን የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ አብሮ ያልፋልና። ይህ አጭር ጽሑፍ «ውጅግራ»ን በምሳሌነት ወስዶ የስምንና የዕቃን ግንኙነት ይመረምራል።

በቅድሚያ ጠቅላላ ስሞቹን እንመልከት። «ነፍጥ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በመነሻው የሚቀጣጠል ዘይትን የሚያመለክት ቃል ነበር። «ጠመንጃ» ወይም «ጠበንጃ» የሚለው ደግሞ በዐረብኛ በኩል ከቱርክኛው «ታባንጃ» የተወረሰ ነው። በቱርክኛ ቃሉ በአንድ እጅ የሚተኮሰው አጭር መሣሪያ ስም ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ለረጅሙ መሣሪያ ስም ሆኗል፤ ለአጭሩም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ «ሽጉጥ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ከምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ወዲህ የገቡት ስሞች ግን ብዙዎቹ የፈልሳፊዎች ስሞች ናቸው። «ስናድር» የአሜሪካዊው የጄኮብ ስናይደር ስም ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ይህን መሣሪያ ይዞ ነበር። «ምንሽር» የኦስትሪያዊው የማንሊኸር ስም ነው። «ውጅግራ» ደግሞ የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፤ «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን «ግራ» መሣሪያውን ያሻሻለው መኮንን ስም ነው። ሁለቱም ቃላት በፈረንሳይኛ ሲጻፉ በመጨረሻቸው የማይነበብ ፊደል አላቸው። ይህ ፊደል በአማርኛው ፈጽሞ አለመታየቱ ስሙ ከጽሑፍ ሳይሆን ከአፍ በጆሮ የተወሰደ መሆኑን ያስረዳል።

የፈረንሳይ ጦር ይህን ጠመንጃ የተቀበለው በ1874 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. በለበል ሲተካ ብዙው ወደ ውጭ አገር ተሸጠ። መሣሪያው ግን አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። የእግረኛው ርዝመት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የፈረሰኛው 1 ሜትር ከ17 ያህል ነው። የእግረኛው መቀርቀሪያ እጀታ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የፈረሰኛው ግን ከልብስና ከኮርቻ እንዳይጋጭ ወደ ታች የታጠፈ ነው። ፈረሰኛው ጎራዴ ስለሚታጠቅም ጠመንጃው የሳንጃ ማያያዣ የለውም።

አማርኛ እነዚህን ሁሉ «ውጅግራ» ብሎ በአንድ ስም ጠራቸው። ምክንያቱን ከውጊያው ሥርዓት መፈለግ ይገባል። በአገራችን የፈረሰኛው ዋና መሣሪያ በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ነበር፤ በዓድዋም፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ፈረሰኛው የሚሸሸውን ጠላት ያሳደደው በዚሁ ነው። ከኮርቻ ላይ ለመተኮስ የተለየ ጠመንጃ ካላስፈለገ፣ የተለየ ስምም አላስፈለገም።

ዛሬ ግን ለሰብሳቢውና ለቤተ መዘክር መዝጋቢው ልዩ ስም ያስፈልገዋል። አፈሙዙ የተቆረጠ የእግረኛ ጠመንጃ የፈረሰኛውን ይመስላልና፣ አጭር የሆነውን ሁሉ «የፈረሰኛ» ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው። እጀታው ቀጥ ያለ ከሆነ ዕቃው የተቆረጠ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። የተቆረጠው ግን ሊናቅ አይገባም፤ የቆረጠው ሰው ምክንያት ነበረው፤ ያም ምክንያት ራሱ ታሪክ ነው። ስለዚህ «ካርባይን» የሚለውን የውሰት ቃል ለሁሉም ከመለጠፍ ይልቅ «የእግረኛ ውጅግራ»፣ «የፈረሰኛ ውጅግራ» እና «የተቆረጠ ውጅግራ» የሚሉት ሦስት ስያሜዎች ቢለመዱ ይበጃል እንላለን። ሦስቱም ለአንባቢ ግልጽ ናቸው፤ ዕቃውንም ከአባቶች ስም አይለዩትም።

በመጨረሻም አንባብያንን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። አንድ አዛውንት የአባታቸውን ጠመንጃ ቢያሳዩን፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከመገልበጣችን በፊት «አባቴ፣ ይህን ምን ይሉታል?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሳቸውንም ከነአነጋገሩና ከነአገሩ እንጻፍ። ቁጥሩ ነገም ከብረቱ ላይ ይነበባል።